በነጥብ የተገዛ ዓርብ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ቤርሼቫ

ከሰፈራችን ከሽኩና አሌፍ የወጣነው ገና ሳይነጋጋ ነው። እማዬ ከእኔ ቀድማ ወርዳ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሻንጣው ውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ የጉልበት ቅባትና ከአሮጌው ከተማ ከሃዒር ሃዓቲቃ የገዛችው ለስላሳ የቤት ጫማ አለ። ሁሉም ጎንደር ላለችው ታላቅ እህቷ ለእትዬ ባዩሽ ነው። እትዬ ባዩሽ ክርስቲያን አግብታ ስለነበር፣ እኛ ወደ እስራኤል ስንመጣ እዚያው ቀረች። እኔ ያኔ የሚታዘል ልጅ ነበርኩ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አሁን የእትዬ ባዩሽ ልብ ደክሟል፤ ልጇ አስካለ ደውላ "መምጣት የምትችሉ ከሆነ አትዘግዩ" አለችን።

ይህን ያለችን ከፋሲካ በፊት ነው። ዛሬ የዳስ በዓል፣ ሱኮት፣ አልፏል። "ታዲያ ምን አቆያችሁ?" የሚለኝ አንባቢ ነጥብ ሰብስቦ የማያውቅ ነው።

በቤርሼቫ ነኩዶት የምንለውን ማለቴ ነው። በካርድ ለከፈልከው ሁሉ ነጥብ ይሰጥሃል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል። ስለዚህ ዘመድ ሲደግስ አዳራሹን በእኔ ካርድ እከፍላለሁ፣ ዘመድ ገንዘቡን በእጄ ይመልስልኛል። የአጎቴን የመቃብር ድንጋይም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ነፍሱን ይማርና፣ በዚያ ወር ነጥቡ እጥፍ ነበር። በተዝካሩ ላይ ሽማግሌዎች መርቀውኛል።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደን ባቡር ውስጥ ወታደሮች ጠመንጃቸውን ታቅፈው ተኝተዋል። ነጻው መንገድ በአቴና በኩል መሆኑን ለእማዬ የነገርኳት እዚህ ነው።

"ጎንደር በደቡብ አይደለም?"

"ነው።"

"ታዲያ ወደ ኋላ ሄደን ነው ወደ ፊት የምንሄድ?"

"ነጻ ነው፣ እማዬ።"

"አህያም እኮ በቀጥታ ይሄዳል" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐሙስ ከሰዓት፤ አቴና

አንድ ጠርሙስ ውሃና አንድ ደረቅ ዳቦ የገዛሁበት ዋጋ በቤርሼቫ ገበያ ሁለት ዶሮ ይገዛል። በካርድ ስለከፈልኩ ግን አልቆጨኝም። የክብር እንግዶች ማረፊያም አለ፤ የነጥብ አባልነቴ የሚያስገባው እኔን ብቻ ነው። እማዬን ጠንካራ ወንበር ላይ ትቼ ገባሁና ወይራና አይብ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤላት ወጣሁ። ማን እንደሠራው ሳላውቅ አልበላም ብላ ከቤት ያመጣችውን የተቀቀለ እንቁላል ላጠች። አይቡን እኔ በላሁት።

ዓርብ፤ አዲስ አበባ

በማለዳ ደረስን። ወዲያው ወደ ጎንደር የሚነሣ አውሮፕላን ነበረ፤ ባዶ ወንበርም ነበረው፤ ግን በገንዘብ ነው። የእኛ ነጻ ወንበር የተገኘው በከሰዓቱ በረራ ላይ ብቻ ነው። ሰንበት የሚገባበትን ሰዓት ስልኬ ላይ አይቻለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እትዬ ባዩሽ ቤት እንገባለን። ሁሉንም አስልቻለሁ፤ ያልጠየቅኋት እማዬን ብቻ ነው። "ዓርብ እንደርሳለን" ስላት እሷ ጠዋቱን መስሏታል።

ቀትር ሲሆን ተነሥታ ፀሐይዋን አየች። የት እንደምናድር ጠየቀችኝ። ጎንደር አልኳት።

በእነእማዬ መንደር ዓርብ ከቀትር ወዲያ እሳት ይጠፋል፣ ገላ ይታጠባል፣ ነጭ ይለበሳል፤ መንገድ የሚወጣ የለም። እኔ ይህን በወሬ ነው የማውቀው። ያደግኩት በቤርሼቫ ምኩራብ ሰዓት ነው። ስልኬን አውጥቼ ገና ብዙ ጊዜ እንዳለን አሳየኋት።

"ሰንበትን የሚያስገባት ስልክ ነው እንዴ?" አለችኝ።

የመሳፈሪያው በር ሠራተኛ ትሑት ሰው ነው። "እማማ፣ ገና ቀን ነው፤ በረራውም አጭር ነው" ብሎ ለመናት። እኔ ግን ክፉ ነገር ተናገርኩ። እህትሽ እስከ እሑድ ባትቆይስ አልኳት። የእማዬ እንባ ወረደ።

"ሰንበትን ሽሬ ብደርስ በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

ስማችንን ጠሩት፣ ደገሙት፣ አውሮፕላኑም ሄደ። ከጉዞው አንዱን በረራ ሳይሳፈር የቀረ ሰው የመመለሻውም ቲኬት እንደሚሰረዝበት ሠራተኛው በትሕትና ነገረኝ። ነጥብ የሰበሰብኩባቸው ሁለት ሠርግ፣ አንድ ማቀዝቀዣና የአጎቴ የመቃብር ድንጋይ በአንድ ቀን ሄዱብኝ። ሻንጣዋን እየጎተትኩ በእግራችን ሄደን ቅርብ ያለ ፔንሲዮን ገባን።

ቅዳሜ፤ እዚያው

እማዬ ትጸልያለች፣ ትተኛለች፣ ትጸልያለች። ከረፋዱ ጀምሮ ስልኬ ደጋግሞ ጠራ፤ አስካለ ናት። እማዬ አየችኝ እንጂ አንሣም አታንሣም አላለችም። አላነሣሁም። ያን ቀን ሙሉ ሆዴ ውስጥ እትዬ ባዩሽን ስቀብር ዋልኩ፤ ከፋሲካ በፊት ቲኬት መግዛት እችል እንደነበርም ሲያንገበግበኝ ዋለ። ሰንበት ሲወጣ መልሼ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። እማዬ ሻንጣዋን ቆለፈች።

እሑድ ጠዋት፤ ጎንደር

ቲኬቱን በገንዘብ ገዛሁ። አውሮፕላኑ በቀጥታ ሄደ። ከማረፊያው የወሰደን ባለባጃጅ ደህና ገንዘብ ጠራ፤ በካርድ ይሆናል ወይ አልኩት ከልማድ።

"ጋሼ፣ ካርድ የሚቀበል ባጃጅ ካገኘህ ለእኔም አሳየኝ።"

አስካለ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰላም ከማለቴ በፊት ልብሷን አየሁ፤ ጥቁር አይደለም። እትዬ ባዩሽ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደክሟል። የእማዬን ፊት በሁለት እጇ ዳሰሰችና "የሺ" ብላ በስሟ ጠራቻት። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

ሲረጋጉ አስካለ የዓርቡን ነገረችን። እኛን ልትቀበል ለባብሳ ስትወጣ እናቷ "አትድከሚ" ብላታለች። "ዓርብ ከቀትር ወዲያ የምትመጣ ከሆነች እህቴ አይደለችም። እሑድ ትመጣለች።" አስካለ አልሰማ ብላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደች፤ ብቻዋን ስትመለስ እትዬ ባዩሽ ስቃ ምግብ ጠየቀች። ከታመመች ወዲህ ምግብ ስትጠይቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። አስካለ ግን ልቧ አላርፍ ብሏት ቅዳሜ ስትደውልልን ውላ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ስልኳ ሞተባት።

ይህን ስትነግረን ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። አወጣሁት። አየር መንገዱ ነው፤ ለዛሬው ቲኬት ነጥብ ስለገባልህ እንኳን ደስ ያለህ ይላል።

እትዬ ባዩሽ ወደ እኔ ዞረች። "ይህ ልጅሽ ሰንበት ያከብራል?"

እማዬ ጎንበስ ብላ ለስላሳውን ጫማ በእህቷ እግር ላይ እያጠለቀች ነበር። ቀና አላለችም።

"እሱ የሚያከብረው ነጥብ ነው" አለች።