ከጅዳ ስልክ ሲደወል

አያታችን ከጅዳ ስልክ ሲደወል ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቆመው ነበር የሚያነጋግሩት። "ሰው ያደረገችንን ልጅ ተቀምጦ ማናገር ነውር ነው" ይሉ ነበር። ደዋይዋ ታላቅ እህቴ ናት። ታናሻችን ኮሌጅ የገባው፣ የእርሳቸውም ዓይን የታከመው እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። ዳንግላ ድረስ በጋሪ ይዣቸው የሄድኩት፣ ከመኝታቸው ሳልለይ ያስታመምኳቸው ግን እኔ ነኝ። ፋሻው የተፈታ ዕለት ፊት ለፊታቸው ቆሜ ሳለሁ፣ "ብርሃኔን የመለሰችልኝ እህትሽ ናት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቢሆንም ቅናቱ አንገበገበኝ። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ተነስተው አያውቁም።

ባለፈው ወር አረፉ። እህቴ አሠሪዎቿ አልለቅ ስላሏት ለቀብር አልደረሰችም። በሠልስቱ ደወለች። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ መደቡ ላይ የእርሳቸው ቦታ ብቻ ባዶ ነበር።

"በመጨረሻ ማንን ጠሩ?" አለችኝ እያለቀሰች።

"አንቺን" ልላት አሰብኩ። ነገር ግን እጄን ይዘው የጠሩት የእኔን ስም ነው፤ ያንን ለማንም መስጠት አልቻልኩም።

"እኔን" አልኳት።



"ታድለሽ!" አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስቀናባት የኖርኩት እህቴ በእኔ ስትቀና ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አንጀቴን በላችው።