የአባቴ ታኮ

ነገ ደብረ ማርቆስ ላይ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ይሰባሰባሉ። እኔም የአባቴን ጎታች መኪና ሳጥብና ስወለውል ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ወገቤ አልቋል። ከወንበሩ ሥር ናፍጣ የጠጣ እንጨት አወጣሁ። መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረገው ታኮ ነው። ሽታው መልሶ ዓባይ በረሃ ወሰደኝ።

አባቴ በረሃው ውስጥ የተበላሸ መኪና እየጎተተ ደጀን ያወጣ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን ምንም ሳንጎትት ስንመለስ ዳገቱ መሀል መኪናውን ድንገት አቆመ።

“ሞተሩ ፈላ እንዴ፣ አባባ?”

“አልፈላም። ታኮውን አድርጊልኝ፤ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ላንሳ።”

የእጅ ፍሬኑ አይዝም ነበር። እንጨቱን ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቅሁት። አባቴ መሪው ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። እንጨቱ ብቻውን የሚችል ስላልመሰለኝ፣ እስኪነቃ ድረስ በሁለት እጄ ይዤው ቁጢጥ አልኩ።

ሲነቃ አየኝና ፊቱን አዞረ። “መተኛቴን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት” አለኝ። መንገድ ላይ መተኛት የሚያስቀጣ መስሎኝ አልነገርኳትም።

“እትዬ፣ የእጅ ፍሬኑ ተሠርቷል፤ ይሄ ይጣል?” አለኝ ዛሬ መኪናውን ሊያይልኝ የመጣው መካኒክ፣ እንጨቱን እያሳየ።

“ተወው።”

ጎማው ሥር አደረግሁትና ገብቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። ልጄ ደወለች።

“ደከመሽ እንዴ፣ እማዬ?”

“ኧረ፣ ምን ሠርቼ!” አልኳት።