ሰማይ የሚወቅሰው ማንን ነው

የጥንት ቻይናውያንን ግጥም ለመማር የተመዘገብኩት ግጥም ወድጄ አይደለም። እዚህ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ መሃል ከተማ ያለው ቤተ መጻሕፍት ማክሰኞ ከሰዓት ነፃ ትምህርት ይሰጣል ሲሉኝ፣ ቢያንስ ሆላንድኛዬ ይሻሻላል ብዬ ነው። ማክሰኞ፣ ስኬቨኒንገን ሰፈር ከምሠራበት ሆቴል እረፍቴ ነው። ደግሞም ከቤት መውጣት እፈልግ ነበር። ቤት እናቴ አለች።

እናቴ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም ነበር። ታናሽ ወንድሜ በአጭር ሕመም ሮተርዳም ሞተ፤ እዚያው ቀበርነው። ሣጥኑ ሲወርድ በረዶ ወረደ፤ ጃንጥላ የያዘው እንኳ ሳይቀር ሸሸ። ሁሉን ነገር መፍታት የሚወዱ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ «ሰማይ ሲቆጣ እንዲህ ነው» አሉ። እዚህ አገር በሚያዝያ በረዶ መውረዱ ብርቅ እንዳልሆነ የነገራቸው ሰው የለም። እናቴ ቃላቸውን ይዛ ቤት ገባች። ወንድሜን ገና በአፍላነቱ «ሂድ፣ እኔን አትይ» ብላ ከአገር ያስወጣችው እሷ ናት። ቁጣው ለማን እንደሆነ ሌላ አስረጂ አላስፈለጋትም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። አገር ቤት ቢሆን ቅጥር አለ፣ ዛፍ አለ። እዚህ የምንከራየው ቤተ ክርስቲያን በሩ የሚከፈተው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ብስክሌቶቹ አጠገብ ትቆማለች። አላፊ አግዳሚው መንገድ የጠፋት እየመሰለው ያነጋግራታል። ቄሱ ራሳቸው ወጥተው «ይግቡ እንጂ» ቢሏት «አልበቃሁም አባቴ» አለች። ሀውስአርትሷ፣ የቤተሰብ ሐኪሟ ማለት ነው፣ ብርዱ ለሳንባሽ አይሆንም ብሏታል። እኔም ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አኩርፌያታለሁ። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነ።

አስተማሪዋ ጡረታ የወጡ ሆላንዳዊት ናቸው። አንድ የጥንት ዘፈን ያነቡልናል፤ ዝናብ አለ፣ ዳክዬ አለ፣ አንዲት ልጅ ሰው ትጠብቃለች። እስከዚህ ገባኝ። ከዚያ የኮንፊሽየስ ተከታዮች እንዴት እንደተረጎሙት ያስረዳሉ። ዳክዬዋ ታማኝ አማካሪ ናት፣ የዝናቡ ብዛት የንጉሡ ቸልተኝነት ነው፣ ልጅቷም ጭራሽ ልጅ አይደለችም። የእኛም ሊቃውንት «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ሲያወርዱት ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ግን ያ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዳክዬ ዳክዬ ብትሆን ምን አለበት ብዬ ተናገርኩ። አጠገቤ የሚቀመጡት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የባሕር ውሃ መከላከያ ግድብ ሲጠብቁ የኖሩ አዛውንት ሳቁ።

«ዝናብ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ፓምፑን ማስነሳት ነው» አሉ።

አንድ ማክሰኞ ትምህርቱ ስለ ሰማይ ሆነ። ለእነዚያ ተርጓሚዎች ድርቅ፣ መብረቅ፣ የፀሐይ መጨለም እንዲሁ የሚመጣ ነገር አልነበረም፤ ሰማይ ሲናገር ነው። ደሜ ፈላ። ከእኛ ሽማግሌ ሸሽቼ የቻይና ሽማግሌ እጅ የወደቅሁ መሰለኝ።

«ልጇን በምትቀብርበት ሰዓት በረዶ የወረደባት እናትስ? እሷ ምን አጥፍታ ነው?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

አስተማሪዋ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አልጠየቁኝም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«በግጥሞቹ ውስጥ ሕዝቡ ‹በደላችን ምንድን ነው› እያለ ወደ ሰማይ ይጮኻል» አሉ። «ተርጓሚዎቹ ግን፣ እኔ ባነበብኩት ሁሉ፣ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ንጉሡ ነው። ሰማይ የሚወቅሰው አገር የሚገዛውን ነው። የሚያለቅሱት ምስክሮች ናቸው።»

ይህ ከእኛ ሃይማኖት ጋር ይስማማ አይስማማ አላውቅም፤ ቄሱንም አልጠየቅሁም። በትራም ወደ ሰፈራችን ወደ ስኪልደርስዋይክ ስመለስ እናቴ ወጥ ቤት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ካፖርቴን ሳላወልቅ የሰማሁትን እንደሰማሁት ነገርኳት።

«ክርስቲያኖች ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ ናቸው።»

«ታዲያ ሰማይ የሚለውን በምን አወቁ?»

«ሽማግሌውስ በምን አወቁ?»

የምስሩን ትሪ ወደ ጎን ገፋችው።

«እና ቁጣው የሚመጣው በሚገዛው ላይ ነው ይላሉ?»

«እንደዚያ ይላሉ።»

«እኔ ምን አገር አስተዳደርኩና!» አለች፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ እየመታች። ከቀብሩ ወዲህ ስትቆጣ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ደስ አለኝ፤ ብትሰድበኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አለቀሰች። ስታለቅስ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ በግድግዳው በኩል ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ ሁልጊዜም «ማረኝ፣ ማረኝ» እያለች ነበር። ያን ቀን ግን ወንድሜን እየጠራች «ልጄ» አለች።