የቁልፍ ቀራጩ ግራ ክንድ

ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የቁልፍ ቀራጩ ሞረድ ቀጥ ይላል። ቀና ሳይል፣ በድምፁ ብቻ፣ «ይሄ ጭነቱ ከብዶታል» ይላል ለራሱ። በመስኮት አውጥቶት የኖረው ግራ ክንዱ ዛሬም ከቀኙ ይጠቁራል፤ እግሩም ከጠረጴዛው ስር ሳያስበው ፍሬን ይይዛል።

የድሮ አለቃው ዛሬም ሊለማመጠው መጥቷል። «ወንድሜ፣ መኪናው አዲስ፣ ደሞዙ ደህና። ሹፌር አልበረክት አለን እኮ! ምን አጎደልን?»

«ኧረ ምንም! ዳገቱ አልቆ ሞተሩ እፎይ የሚልባት ሰዓት እስካሁን በሕልሜ ትመጣለች።» ሞረዱን አስቀመጠ። «ብቻ አንዴ ከረጅም መንገድ ገብቼ ቤቴን ባንኳኳ፣ ልጄ ከፈተችና ሽቅብ አየችኝ። ደግሞ ጨዋነቷ! ‹ይቅርታ ጋሼ፣ አባዬ የለም፤ መንገድ ነው። ሲመጣ ማን ፈልጎህ ነበር ልበለው?›»