ዝቅ ሲሉ የሚመጡ ፊቶች

ወልቂጤ ባለው ኢንተርኔት ቤት፣ ዝናብ በሚመታው መስኮት አጠገብ አንድ ሰው ይቀመጣል። ስሙን አላውቅም። የሸሚዙ አንገት በዕጥበት ብዛት ነጥቷል፤ ማውሱን የሚነካው የተኛ ሰው የሚቀሰቅስ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ዐረብ አገር ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ልጆችን የሚያፈላልግ ድረ ገጽ ይሠራል። ገጹ ከብዶ አልከፈት ቢለው ከፋፈለው፤ አሁን ስሞቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ ፎቶው ግን ተመልካቹ ወደ ታች ሲወርድ ብቻ ከጉም እንደሚወጣ ሰው ይገለጣል።

አንድ ቀን አንዲት እናት፣ “ልጄ የታለች?” አሉት።

“ትመጣለች እማማ፤ ትንሽ እንውረድ።”

መጣች። እናትየው ስክሪኑ ላይ ጉንጯን በጣታቸው ዳበሱት።

እሳቸው ሲሄዱ ገጹን ራሱ ሞከረው፤ ከመጨረሻው ስም፣ ከናዝራዊት በላይ፣ ፎቶዋ ሳይገለጥ ቆመ።

“እሷስ?” አልኩት ከጎኑ ካለው ወንበር።

“እህቴ ናት” አለኝ። “ዛሬም ትቆይ።”