የወርዋሪው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ማሪዬታ ውስጥ ለበረንዳዬ ወንበር የሚቀባ ዘይት ልገዛ ወጥቼ፣ ክዳኑ የላላ ቆርቆሮ አነሳሁና ሽታው መደርደሪያው መሃል አቁሞ አስቀረኝ። የተልባ ዘይት ነበር። እኛ ተልባን የምናውቀው ለሆድ ነው፤ አትላንታ አጠገብ ዱሉዝ ውስጥ እሠራበት የነበረው መጋዘን ሰዎች ግን ክሪኬት በሚሉት ጨዋታ ኳስ የሚመቱበትን ዱላ ይቀቡበት ነበር። መጀመሪያ ሳያቸው "ለጨጓራችሁ ብትጠጡት ይሻላችኋል" ብዬ ስቄባቸዋለሁ። ሻጩ መጥቶ "ልርዳሽ?" እስኪለኝ ድረስ እኔ ዱሉዝ ነበርኩ።

እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ይሆናል። በእናቴ ዲቪ መጥተን ብዙም አልቆየንም፤ እኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። አብዛኞቹ የሥራ ባልደረቦቼ ከህንድ የመጡ ነበሩ። እሑድ ከሰዓት የቀን ፈረቃና የማታ ፈረቃ ተብለው ይከፈሉና ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ሜዳ ክሪኬት ይጫወታሉ። ዳኛቸው የበሩ ጥበቃ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከካሪቢያን ደሴቶች ከአንዱ የመጡ፣ ረጅም፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው። እናቴ እንግሊዝኛቸው ስለማይገባት ለሚሏት ሁሉ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ኮፍያቸውን ነካ ያደርጉላታል። እንዲያው ሲተያዩ በጣም የተግባቡ ይመስሉ ነበር።

አንድ ቀን የፕላስተር ጥቅል በመደርደሪያው አናት አሳልፌ ለጓደኛዬ ስወረውር ሽማግሌው አዩኝ። "ይህን እጅ ከየት አመጣሽው?" አሉኝ። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ እጅ ኳስ እጫወት እንደነበር ነገርኳቸው። "እሑድ ነይ" አሉኝ። ሥራ የሌለኝ እሑድ የመተኛ ቀኔ ነበር፤ ለምን እሺ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አባታቸው የክሪኬት ኳስ ወርዋሪ ነበሩ። ደሴቶቻቸው ቴስት የሚባለውን፣ አገር ከአገር ጋር ቀናት ሙሉ የሚገጥምበትን ትልቁን ጨዋታ ገና ሲጀምሩ ከተመረጡት አንዱ ናቸው። በሥራ ቀን ወደብ ላይ የስኳር ጆንያ ይሸከማሉ፤ ጨዋታ ሲመጣ ከአለቃቸው ፈቃድ ለምነው፣ ነጭ ሱሪ ተውሰው ይሄዳሉ። ፈጣን አልነበሩም። አንድ ኳስ ነበረቻቸው፤ ቀስ ብላ እየተሽከረከረች ትመጣና መሬት ስትነካ መቺው ወዳላሰበው ወገን የምትታጠፍ። እሷን ለልጃቸው አስተማሩ። ሽማግሌውም በተራቸው ለወንዶች ልጆቻቸው ሊያስተምሩ ሞከሩ፣ ልጆቹ ግን አትላንታ ተወልደው ከቅርጫት ኳስ ሌላ የሚያዩት አልነበረም። አሁን ጣቶቻቸውን ቁርጥማት አስሯቸዋል፣ መስከረም ሲያልቅም ፍሎሪዳ ሴት ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። "ይህቺ ኳስ በጨዋታ ላይ አንድ መቺ ስታስወጣ በዓይኔ አይቼ ልሂድ" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ከመጋቢት ጀምሮ ጸደይን ሙሉ የመጋዘኑ ፓርኪንግ ላይ ስወረውር ከረምኩ። በእጅ ኳስ ክንድ ይታጠፋል፤ በክሪኬት ክልክል ነው። "ክንድሽ!" ይሉኛል፣ እኔም "ይቅርታ" እላለሁ፣ ደግሞ አጥፋለሁ። ማዞሩ ግን ቶሎ ያዘልኝ፤ የእጄ አንጓ የእናቴን የበርበሬ ማሰሮ ክዳን ስከፍት እንደማደርገው ነበር የሚሠራው። ኳሷ እያፈተለከች የሰው መኪና ሥር ትገባለች፣ እኔም በሆዴ ተኝቼ አወጣለሁ። መኪናችን አንድ ስለነበረች እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ ብዙ ጊዜ አስፋልት ላይ ተዘርግቼ ነው የምታገኘኝ። "ክላስ ሬጂስተር አድርጊ ስልሽ አንቺ ኳስ ትለቅሚያለሽ?" ትላለች። እሑድ እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፓርክ ታደርግና ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ ታየኛለች።

አንድ ሕግ ልንገራችሁ፣ ያለሱ የሚሆነው አይገባችሁም። መቺው ከኋላው የቆሙትን ሦስት እንጨቶች በዱላው ይጠብቃል። ኳሷ እንጨቶቹን ልትመታ ስትል በእግሩ ከከለላት ከጨዋታ ይወጣል። ነገር ግን ዳኛው ዓይኑ እያየ እንኳ ካልተጠየቀ ጣቱን አንስቶ አያስወጣውም። መጠየቅ ማለት ደግሞ ወደ ዳኛው ዞሮ "እንዴት ነው?" ብሎ መጮህ ነው። ይህን ደጋግመው ነግረውኛል፣ ገብቶኛል ብያለሁ።

ለማታ ፈረቃ መጀመሪያ የተሰለፍኩ ቀን የሱፐርቫይዘራችን አባት ዱላ ይዘው ገቡ። ነጭ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አዛውንት ናቸው። ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸውና ወረወርኩ። ኳሷ ታጥፋ ቅልጥማቸውን ጠቅ አደረገቻቸው። እኔ ምን አልኩ? "እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ!" ብዬ ሮጥኩ፤ እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብዬ እግራቸውን ማሸት ጀመርኩ። እናቴም ከወንበሯ ተነስታ "እኔን!" ትላለች። የቡድኔ ሰዎችም መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ግማሾቹ በሳቅ ወድቀዋል፣ ሌሎቹም የአለቃችን አባት ናቸው ብለው ተዉት። አዛውንቱ ጸጉሬን ዳበስ አድርገው፣ እስኪመሽ ሲመቱ ዋሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ነበር።

በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ የጥበቃ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። "አባቴም አልጠየቀም" አሉኝ። የእንግዳው አገር ዋና መቺ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ኳሷ እግሩን መታችው፤ ሜዳው ሁሉ አየ። የቡድናቸው አለቃ የአንድ ሸንኮራ እርሻ ባለቤት ልጅ ነው፤ እሱም አልጠየቀም። አባታቸው እንደዚያ ያሉ ሰዎች ፊት ድምፅ ሳያሰሙ ነው ያደጉት፤ አንገታቸውን ደፉ። ዳኛው ጠበቃቸው፣ ጠበቃቸው፣ ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ። መቺው ሲጫወት ዋለ፣ በማግሥቱም ደገመ። አባታቸው ሁለተኛ አልተመረጡም፤ ወደ ጆንያቸው ተመለሱ። "ለምን አልጠየቅክም ስለው፣ ሰውየው ያውቃል፣ ዳኛውም ያውቃል፣ ምን ብዬ ልጩህ ይለኝ ነበር" አሉኝ። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ትንሽ አሰበችና "አዛውንት ላይ አይጮኽም፤ ኤክስኪውዝ ሚ ብለሽ ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እስከ መስከረም ድረስ ክረምቱን ሙሉ ኳሷ እምቢ አለችኝ። አንዴ ሳትታጠፍ ትሄዳለች፣ አንዴ ታጥፋ ሜዳ ለቅቃ ትወጣለች። የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ፀሐይዋ ወደ መጋዘኑ ጣሪያ ዘንበል ብላለች፣ ከአውራ ጎዳናው የጭነት መኪና ድምፅ ይመጣል። ሽማግሌው በነጋታው ይሄዳሉ። ጨዋታው ሊያበቃ ሲቃረብ ዱላ የያዙት እኚያው የሱፐርቫይዘራችን አባት ነበሩ። ወረወርኩ፤ ኳሷ ጣቴን ስትለቅ ገና ደስ አለችኝ። ቅልጥማቸውን ስትመታ "እኔን" ጉሮሮዬ ደረሰ፣ ዋጥኩት። ዞርኩ። መጮህ ግን አልሆነልኝም፤ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብዬ፣ ክፍል ውስጥ ፈቃድ እንደምትጠይቅ ተማሪ "ይቅርታ ጌታዬ፣ እንዴት ነው?" አልኩ።

ጣታቸው ቀስ እያለ ተነሳ። አዛውንቱ ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው በአጠገቤ ሲያልፉ "እንጨቶቹን ትመታ ነበር፣ ጎበዝ ልጄ" አሉኝ። የማታ ፈረቃ ሰዎች ተሸከሙኝ፣ እናቴ እልል አለች። ከዚያ ወዲህ ተምሬ ተመርቄአለሁ፣ ቤት ገዝቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰው ሲበተን ሽማግሌው ፓርኪንጉ ላይ ጠሩኝ። "እግሩን ስትመታ የሰማሁት ድምፅ ትክክል ነበር፤ መቺውም አምኖ ወጣ። ግን ኳሷን አላየኋትም" አሉኝ። የዓይናቸው መሃል ከጸደይ ጀምሮ እየደበዘዘ ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም። ክንዴን ያዙኝና "አንቺ አይተሻታል አይደል? ንገሪኝ" አሉኝ።

እናቴ ሞተር አስነስታ ነበር፤ አየችንና አጠፋችው። ነገርኳቸው። ስትነሳ ከመቺው ዓይን ከፍታ በላይ እንደነበረች፣ አየር ላይ ትንሽ የቆመች እንደመሰለኝ፣ ስፌቷ እንዴት ይሽከረከር እንደነበር፣ ሣሩ የተላጠው መሬት ላይ አርፋ እንዴት ወደ እንጨቶቹ እንደታጠፈች። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣቶቻቸውን እንደሚሆንላቸው እያዞሩ ሰሙኝ። ስጨርስ "እንደገና" አሉኝ።

እንደገና ነገርኳቸው።