የአጎቴ ምላስና የሰፈሩ ጨጓራ

እኛ ዘንድ ጥርስ ይከበራል፤ ምላስ ግን ባለቤት የለውም። ዳንግላ ጠዋት ገበያ የወጣ ሰው ያየዋል፦ ጋሪ ነጂው የወይራ መፋቂያ አፉ ውስጥ ሰክቶ ይፍቃል፣ ደላላው እየተደራደረ ይፍቃል፣ የቢሮ ሠራተኛው ባለጉዳይ አሰልፎ ይፍቃል። ጥርሳቸው ያበራል። ከጥርሱ ጀርባ የተጋደመውንና የትናንቱ ምሳ ዛሬም የሚበሰብስበትን ሥጋ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አፉ የሚሸት ሰው ከተገኘ ደግሞ ምርመራው በአንድ ቃል ያልቃል፦ ጨጓራ።

አጎቴ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ የሚኖሩ ገበሬና አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በአማርኛ ጮክ ብለው ሲመክሩ፣ እሳቸው የተቀየመውን ሰው ክንዱን ይዘው ፈንጠር ያደርጉትና ጆሮው ሥር በአገውኛ ያንሾካሹካሉ። ምን እንደሚሉት የሚያውቅ የለም። ሰውየው ግን ሲመለስ ልቡ ለዝቧል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰው ጆሮውን ይነሳቸው ጀመር። "ጋሼ፣ እዚሁ ይንገሩኝ" ይላል፣ ፊቱን አዙሮ። ቀጥሎ ለድንበሩም ለባልና ሚስቱም ጠብ ሌላ ሽማግሌ ይጠራ ጀመር።

"እግዜር ቃሌን ነሳኝ መሰለኝ" አሉኝ አንድ ቀን። ይህን ሲሉኝ እኔም ፊቴን አዙሬ ነበር።

መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ የሚናገር የለም። ዝምታውን ጨዋነት ይሉታል። ሽማግሌን ዕድሜ ልኩን ከተቀመጠበት ቦታ እያስነሱ ምክንያቱን መደበቅ ምን ዓይነት ጨዋነት እንደሆነ እነሱ ይወቁት። ሚስታቸው እንኳ ሽታውን በስሙ አልጠሩትም። "ጨጓራዎ ነው" እያሉ በየማለዳው ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ያጠጧቸዋል። ለአፍ ሽታ ነጭ ሽንኩርት! ይህን መድኃኒት ያገኘ መንደር ምን ይሳነዋል?

እኔም ከመንደሩ አልተሻልኩም። ለጨጓራዎ እንመርመር ብዬ ዋሽቻቸው ወደ ዳንግላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ገና ጠጋ እንዳለች ገባትና ባትሪ አበራች።

"አባቴ፣ ምላስዎን ያውጡልኝ።"

አጎቴ ቀና አሉ። "ምን ያልሽ ልጅ ነሽ? በዚህ ሽበት ለሴት ልጅ ምላስ ላውጣ?"

"ለባትሪው ያውጡት።"

"የልጅ ልጆቼ ምላስ ሲያወጡ በአለንጋ ነው የምላቸው!"

"እኔ አልገርፍዎትም። ያውጡ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው አወጡ። የወፈረ ቢጫ ሽፋን ነበረው።

"ስለ ጨጓራዎ በኋላ እናወራለን" አለች። "ጥርስዎ ከእኔ ይሻላል። ይኼ ሽፋን ግን የባክቴሪያ ሰፈር ነው፤ ሽታውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው።"

"ሽታ?" አሉ አጎቴ። ወደ እኔ ዞሩ። "ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ ጋሼ።"

"ሌላውስ ሰው?"

"ሁሉም።"

ነርሷ የሻይ ማንኪያ ገልብጠው ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ እንዲፍቁ፣ እንዳያደሙት፣ በውኃ እንዲጉመጠመጡ ነገረቻቸው። ባክቴሪያው ይቀንሳል እንጂ አያልቅም፣ ተመልሶ ይራባል፤ ስለዚህ በየቀኑ ነው። እኔ ደግሞ ምላስ መፋቅ ነጋዴ አንድ ዕቃ ለመጨመር የፈጠረው ወሬ ነው እያልኩ በየመድረኩ ስከራከርና ስሳለቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማንኪያን ያህል ነገር በየቤቱ እንዳለ አላሰብኩም ነበር።

በመልሱ ሚኒባስ አጎቴ እስከ እንጅባራ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ተጓዙ።

ክረምቱ አልፎ፣ ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ። አጎቴን የጠራቸው የለም። እሳቸው ግን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና የታላቅየውን ክንድ ያዙ። ሰውየው እንደለመደው አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ። ቆየት ብሎ አንገቱ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ጆሮው እዚያው ቆየ፣ እኔ ቆሜ እስክሰለች ድረስ። ማታ ወንድማማቾቹ አብረው በሉ።

"ፌጦው ሠራላቸው" አለ መንደሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ክንዴን ያዙና ከሰው ፈንጠር አደረጉኝ። እኔ ዓመታት ዝም ያልኩትን እሳቸው አንድ ቀን ሊያሳድሩት አልፈለጉም። ጆሮዬ ሥር ገብተው አንሾካሾኩ፦

"ልጄ፣ አንተም ማንኪያ ያዝ።"

ስከራከር ሰው ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ሐሳቤ ከብዶት ይመስለኝ ነበር።